ጎንደር፣ ኅዳር 2011፦ ጌታው በገዛ ቤቱ ደጅ የጠናበት ሰሞን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4 — አባይ በረሃ

ኦፔራ ለማየት ጎንደር እሄዳለሁ ስል መሥሪያ ቤት ውስጥ ያልሳቀብኝ ሰው የለም። አንዱማ «ግንቡ ውስጥ ነው ወይስ ጠጅ ቤት?» ብሎ ቀለደብኝ። ጎንደር ተማሪ ሳለሁ ጥቂት ቲያትር ወዳድ ልጆች «ላ ሰርቫ ፓድሮና» (እመቤት የሆነችው ገረድ) የሚባል አንድ አጭር የጣሊያን ኮሚክ ኦፔራ፣ በዘፈን የሚተወን አስቂኝ ቲያትር፣ ወደ አማርኛ መልሰው፣ ታሪኩንም ጎንደር አምጥተው አንድ ሰሞን አሳይተውት ነበር። ከዚያ ተበታተኑ፤ ሥራውም ተረሳ። ያኔ ያዘጋጀው ልጅ አሁን ጎልማሳ ሆኖ፣ አዳዲስ ተዋንያን ሰብስቦ እንደገና መድረክ ላይ ሊያወጣው መሆኑን ስሰማ የዓመት ፈቃዴን ሞላሁ። ኅዳር 6 ደግሞ ቁስቋም ናት። መድረኩን ብቻ ብዬም አይደለም የሄድኩት። ያኔ ከጎኔ የነበሩት ሰዎች የት የት ላይ እንደሳቁ አልረሳሁም፤ የዛሬዎቹስ የት ላይ ይስቁ ይሆን የሚለው ነገር ነው ልቤን የሰቀለው።

አውቶቡሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከመስቀል አደባባይ ተነሣ። እስከ ባሕር ዳር 400 ብር ከፍለናል። ፍቼንና ጎሃ ጽዮንን በእንቅልፍ አለፍኳቸው፤ የነቃሁት አውቶቡሱ ሲቆም ነው። አባይ በረሃ ቁልቁለቱ መሐል ብረት የጫነ ሲኖትራክ መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል፤ ከላይም ከታችም መኪናው ተደርድሯል። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ እኛም ተከትለን ወረድን። ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ልጆች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ቆሎ፣ ሙዝና ውሃ ይዘው ደረሱ። 10 ብር የምትሸጠዋ ውሃ 20 ብር ገብታለች። አንዲት እናት «ልጄ፣ ይቺ ውሃ እኮ አባይ እታች በነጻ ይፈሳል» ብትለው፣ ልጁ ሳይስቅ «ታዲያ ወርደው ይቅዱ እማማ» አላት። ሁላችንም ሳቅን፤ 20 ብሩንም ከፈልን።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆመናል። ሲኖትራኩ ተጎትቶ ሲነሣ፣ መንገዱ በየዓመቱ እየሰመጠ እየተጠገነ የሚኖር ስለሆነ ቀስ እያልን ወረድን። እታች አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ ኬብሎቹን ዘርግቶ፣ የድሮው ድልድይ ከጎኑ ዝቅ ብሎ ይታያል። ከደጀን በኋላ ያለው የጎጃም ሜዳ ጤፉ ወደ ቢጫ እየተለወጠ ነበር። ባሕር ዳር የገባነው ሲመሽ ነው። ሐይቁ ዳር ከቀጭን ሎሚ ጋር የመጣልኝ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ 90 ብር፤ አዲስ አበባ ያኔ በዚህ ዋጋ አጥንቱንም አያቀርቡልህም ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5 — ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ጎንደር

ወረታ ላይ ለቁርስ ወረድን። ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ከገባ ወዲህ የአካባቢው እንጀራ ሩዝ ይቀላቀልበታል፤ ሲያዩት ንጣቱ ዓይን ይወጋል፣ ትኩስ ሲበሉትም ለስላሳ ነው። ሽሮው እስኪያልቅ ግን ጠርዙ ደርቆ ቀጥ አለ። አዲስ አበባ ላይ የምንማረርበትን እንጀራ እዚያ አመሰገንኩት።

ጎንደር ከቀትር በኋላ ደረስን። ያረፍኩት የባለቤቴ አክስት ቤት ነው፣ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው መንገድ። እትዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአንዲት ሠራተኛዋ ጋር ነው የምትኖረው። ልጅቷ ከደባርቅ ወገን የመጣች፣ ማታ ማታ የምትማር፣ ብዙ የማትናገር ናት። ውሃ በየተራ ነው የሚመጣው፤ ያን ሰሞን ተራው አልነበረምና ግቢው በጀሪካን ተሞልቷል። እትዬ ፊቴን ስታስታጥበኝ «አዲስ አበቤ፣ ቆጥበህ!» አለችኝ። እኛም ሰፈር ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን መሆኑን ብነግራት አላመነችኝም።

ፒያሳ ወጥቼ ማኪያቶ ጠጣሁ፤ 10 ብር። ከጣሊያን ዘመን የቀሩት ሕንጻዎች ግድግዳቸው የእንቁላል አስኳል ቀለም ነው፣ ማዕዘናቸው ክብ። ፖስተሩን ያየሁት እዚያው አንድ ሱቅ በር ላይ ነው፦ አንዲት ሴት ቁልፍ በወገቧ አንጠልጥላ፣ ከኋላዋ ካባ የደረበ ሽማግሌ ጀበና ታቅፎ። ዓርብ በጥሪ፣ ቅዳሜ በትኬት 50 ብር። ፖስተሩን ቆመው የሚያነቡ ሁለት ጎረምሶች ተከራከሩ። አንዱ «ኦፔራ ማለት መስታወት የሚሰብር ጩኸት ነው» አለ። ሌላው «ታዲያ አዝማሪ አልሆነም?» አለው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6 — ቁስቋም

ሌሊቱን ሙሉ ከበሮው እስከ ቤታችን ይሰማ ነበር። ስንወጣ መንገዱ በነጠላ ነጥቷል። ጎንደር የአቋቋም፣ የማሕሌቱ ዜማና ሽብሸባ ትምህርት፣ አገር ናት፤ በበአታ ቤተ ክርስቲያን የተመሰከረላቸው መምህራን ያሉበት ከተማ ውስጥ ወረብ ሲወረብ፣ ሕዝቡም ዝም ብሎ አይመለከትም። ከአጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ጸናጽሉ አንድ ጊዜ ሲስት «ኧረግ» አሉ በለሆሳስ። ሌላ ማንም አላወቀም። ይህን የምጽፈው በኋላ አዳራሽ ውስጥ ያየሁትን ለመረዳት ስለረዳኝ ነው፦ የዚህ ከተማ ጆሮ ከልጅነቱ የሠለጠነ ነው።

ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ፔርጎሌዚ የሚባለው ወጣት ይህቺን የሠራተኛና የጌታ ኦፔራ ጣሊያን አገር ኔፕልስ ላይ ባሳየበት ዓመት፣ በ1733 እ.ኤ.አ.፣ ጎንደር ላይ የነገሠው ገና ልጅ የነበረው ዳግማዊ ኢያሱ ነበር፤ አገሩን የምታስተዳድረው ደግሞ እናቱ ምንትዋብ። እዚያ ሴት በመድረክ ላይ ቤት ስትገዛ ሰው ይስቃል፣ እዚህ ሴት በእውነት ቤተ መንግሥት ትገዛለች።

ከሰዓት በኋላ ግንቡ ግቢ ገባሁ። ከፋሲል ግንብ ይልቅ እኔን የሚስበኝ ሁልጊዜም የሣልሳዊ ዳዊት አዳራሽ ነው። ዳዊት ከ1716 እስከ 1721 እ.ኤ.አ. ብቻ ነው የነገሡት፤ ዘፈን ወዳድ ነበሩና ለዜማ ብለው ያሠሩት ቤት ነው ይባላል። ጣሪያ የለውም። ሣሩ ውስጥ አንድ ጥንድ ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ፤ ፎቶ አንሺው «ሳቅ በይ፣ ሳቅ በይ» ይላታል፣ እሷ ጫማዋ ጠቧታል።

ዓርብ፣ ኅዳር 7 — የጥሪው ምሽት

ባጃጁ ሌላ አዳራሽ አድርሶኝ፣ እዚያ የሠርግ መልስ ላይ ሰተት ብዬ ልገባ ነበር። 30 ብር ጨምሬ ትክክለኛው ጋ ስደርስ 12 ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ መዘግየቴ ግን ምንም አላጎደለብኝም። ፊት ለፊት ለክብር እንግዶች ሶፋ፣ ከሶፋው ፊት ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃና የፕላስቲክ አበባ። ንግግሩ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። «ኪነ ጥበብ ለልማት» የሚለውን ስንት ሰው ደጋግሞ እንዳለው መቁጠር ተውኩ።

ከዚያ መጋረጃው ተከፈተ። ሥራው አጭር ነው፤ ጣሊያኖቹ ሲሠሩት በትልቅ ኦፔራ ክፍሎች መካከል ሰውን ለማሳረፍ የሚታይ ነበር። ዘፋኞቹ ሁለት ብቻ፣ ሦስተኛው አሽከር ዲዳ ነው። በኔፕልሱ ኡቤርቶ የሚባለው ወንደላጤ እዚህ ባላምባራስ ሆኗል፤ እዚያ ትኩስ ቸኮላታ ይጠብቃል፣ እዚህ ቡና። የመጀመሪያው ዘፈን ሰውን የሚገድሉ ሦስት ነገሮች ይዘረዝራል፦ ጠብቆ የሚመጣ ማጣት፣ ተኝቶ እንቅልፍ ማጣት፣ አገልግሎ ምስጋና ማጣት። ይሄ ነገር ወደ አማርኛ የገባ አይመስልም፤ ከመጀመሪያውም የኛ ነው። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና አንድ ኪቦርድ አጅበውታል።

ያኔ በተማሪነቴ እዚህ ላይ አዳራሹ ፈንድቶ ነበር። ዓርብ ማታ ግን ከኋላ ያለው ሰው ሳቅ ሲመጣበት መጀመሪያ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ሶፋውን ያያል። ሶፋው ከሳቀ ይስቃል። ሶፋው ስልኩን ካየ፣ ነጠላው አፍ ላይ ይደረጋል፣ ትከሻ ብቻ ይነቃነቃል። ገረዲቱ ቡናውን አዘግይታ፣ ጌታዋ ሊወጣ ሲል በሩን ቆልፋ ቁልፉን ወገቧ ላይ ስታስር፣ ከኋላዬ አንዲት ልጅ «ኡፍ፣ እሰይ» አለች፤ ወዲያው ግን ደነገጠች።

ትልቁ ተቃውሞ የመጣው ከጥሎሹ ላይ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ገረዲቱ ጌታዋን ለማግባት ብላ ዲዳውን አሽከር ወታደር አልብሳ «እጮኛዬ ሻምበል ማዕበል» ብላ ታመጣዋለች። ሻምበሉ የማይናገር፣ ዓይኑን የሚያጉረጠርጥ፣ ሰይፉን የሚነካካ ነው። በእሷ አፍ 4,000 ጠገራ ብር ጥሎሽ ካሳደጋት ከባላምባራሱ ይጠይቃል፤ አልከፍልም ካለ ራሱ ያግባት። የጣሊያኑ ላይ ነገሩ ትክክል ነው፣ እዚያ ጥሎሹ ከሴቷ ወገን ነው። እዚህ ግን ከጎኔ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ አባት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ኧረ በማርያም! ጥሎሽ ከወንድ እንጂ ከሴት ተጠይቆ ያውቃል?» ይህን ያሉት ለማንም ሳይሆን ለአዳራሹ ሁሉ ነው። ግማሹ አጨበጨበላቸው። መድረክ ላይ ያለው ባላምባራስ ቃሉ ጠፍቶበት ለአፍታ ዝም አለ።

የዓርቡን ምሽት ከቅዝቃዜው ያዳነው አንድ ዘፈን ነው። በሁለተኛው ክፍል ገረዲቱ የምትሄድ መስላ «አስበኝ» ብላ ትሰናበተዋለች። ፔርጎሌዚ ዜማውን ለሁለት ከፍሎታል፦ ለጌታዋ ስትዘፍን ቀስ ያለና የሚያሳዝን፣ ዘወር ብላ ለሰው ስትናገር ፈጣን፣ «አየህ፣ እየራደ ነው» የምትልበት። አዘጋጁ የመጀመሪያውን በትዝታ፣ ሁለተኛውን በጭፈራ ምት አድርጎታል። ልጅቷ ትዝታውን ስትጀምር አዳራሹ ጸጥ አለ፤ የማክበር ጸጥታ ሳይሆን የመነካት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ያኔ ኪቦርዱ ተወው፣ ከበሮው ገባ፣ ገረዲቱ ፊቷን ወደ እኛ መልሳ ጠቀሰች። ዓይኗን የጠረገችው ሴት ከሁሉም በላይ ጮኻ ሳቀች። ተታልላለች፤ መታለሏንም ወዳዋለች። ሶፋውን ያየ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8 — የትኬቱ ምሽት

ቀኑን ከአዘጋጁ ጋር ዋልኩ። ሌሊቱን አልተኛም፤ ጥሎሹን ሲያስተካክል አድሯል። እትዬንም አማከርኳት፤ እሷ በሰዓቱ ቡና እየቆላች ነበርና ጢሱን ወደኛ እየላከች «ሁለቱም ወገን እኩል እኩል ነው የሚያወጣ። እሱ በሬ ካመጣ፣ ያሳደጋትም በሬውን ያቁም» አለች። አለቀ። አዘጋጁ ስልኩ ላይ ጻፈው።

እትዬና ሠራተኛዋ ማታ አብረውኝ መጡ። 50 ብር ለሰው፤ እትዬ ለሁለቱም ራሷ ከፈለች፤ ልክፈል ብል በዓይኗ ገላመጠችኝ። ሶፋዎቹ ወጥተው ወንበር ገብቷል። ቆሎ የያዘ፣ ሕፃን ያዘለ፣ ከሥራ የመጣ ባጃጅ ነጂ። ፊት አካባቢ አንድ ጎልማሳ ሰው በጨርቅ የተጠቀለለ ማሲንቆ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ሥራው በ3 ሰዓት አዝማሪ ቤት ስለሚጀምር ቀደም ብሎ ሊያይ የመጣ ነው።

መጋረጃው ከመከፈቱ ሰው ድምፁን ማሰማት ጀምሯል። ሦስቱ ገዳይ ነገሮች ሲዘረዘሩ አንዱ «አራተኛው ኔትወርክ!» ብሎ ጨመረበት። ከዚያ ቁልፉ ወገቧ ላይ ታሰረ፤ ባላምባራሱ በሩን እየደበደበ ሊለምናት ጀመረ። ይሄን ጊዜ የማሲንቆው ሰው ተነሣ፤ ቁልቁል የሚወርድ ድምፅ አለው፦

«ተቀበይ!»

ገረዲቱን የምትጫወተው ልጅ ቆመች። የመድረኩን ጎን አየች፣ አዘጋጁ ወደቆመበት። ከእሱ የምትጠብቀውን ሳታገኝ ይመስለኛል፣ ወገቧን ይዛ ወደ ሰውየው ዞረች። «በል!»

ጉድ ፈላ ጎንደር ላይ ዘመኑ ዞረና፣
ጌታው በገዛ ቤት ደጅ ይጠናል ገና።

እውነት እላችኋለሁ፣ ከተጻፈው ሁሉ ይህ ይበልጣል። ደጅ ጥናት የወለዳት ከተማ ናት፤ በዚህ ግንብ ሥር ስንት ባለ ጉዳይ ዓመት ከመንፈቅ ቆሟል። ልጅቷ ግጥሙን ተቀብላ በራሷ ዜማ መለሰችው፣ ቁልፉን እያቃጨለች። የመድረኩ ማሲንቆ ተከተላት። ባላምባራሱም ብልህ ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ፣ ካባውን አጣፍቶ እውነተኛ ደጅ ጠኚ መስሎ በሩ ሥር ቆመ። አዳራሹ ከወንበሩ ተነሣ። እትዬ ዲዳው አሽከር መጀመሪያ ሲወጣ «በዲዳ መሳቅ ነውር ነው» ብላኝ ነበር፤ አሁን የኔን ትከሻ እየደበደበች ትስቃለች።

አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴያትር ብዙ ኮሜዲ አይቻለሁ። ሰዉ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ ያፏጫል። ግጥም ወርውሮ ተዋናዩን «ተቀበል» የሚል ግን አላጋጠመኝም። እዚህ ከተማ ገንዘብ ከፍሎ ዘፈን የሚሰማ ሰው ከዘፋኙ ጋር ማውራት መብቱ እንደሆነ ያውቃል። አዝማሪ ቤት ያስተማረው ነው።

ችግሩ በሩ አንዴ ከተከፈተ መዝጊያ የለውም። ከአንዱ ግጥም በኋላ ሌላው ተነሣ። ከዚያ ሌላ። አንዱ ስለ ቀበሌ ማኅተም ገጠመ፤ ይሄም ያስቃል። አንዱ ስለ ቀድሞ ፍቅረኛው፤ እሱንስ ባንሰማው ይሻል ነበር። ከጀርባዬ ቢራ የቀመሰ ጎረምሳ ቤት የማይመታ ነገር ደጋግሞ ጮኸ። አሥር ደቂቃ ያህል ጨዋታው ቆመ።

ጥሎሹ ሲመጣ፣ የተስተካከለው ቃል እንደ እትዬ ትእዛዝ ነበር፦ ሻምበሉ 4,000 ያመጣል፣ ያሳደጋትም ጌታ እኩሉን ያስቀምጣል። «እንዲህ ነው ወግ!» አሉ ከወደ ኋላ። እትዬ ወደኔ ዘንበል ብላ «ማን ነገራቸው?» አለችኝ፣ የማታውቅ መስላ።

የመሰናበቻው ትዝታ ግን ጠፋ። ያቺው ልጅ፣ ያው ዜማ፣ ያው ድምፅ። ሰዉ ሊስቅ ተዘጋጅቶ ስለነበር ገና «አስበኝ» ስትል «እናስብሻለን!» ብሎ አንዱ መለሰላት፣ ሳቁ ተነሣ፣ ሐዘኑ ሳይቆም ፈረሰ። ሐዘኑ ካልቆመ ደግሞ ጥቅሻዋ ምኑን ያፈርሳል? ዓርብ አዳራሹን የገለበጠው ቦታ ቅዳሜ በጫጫታ አለፈ። ልጅቷ አሁንም ትጠቅሳለች፤ የሚያያት የለም።

ቅዳሜ ሌሊት — አዝማሪ ቤት

ከትርኢቱ በኋላ ሁላችንም ወደ ማሲንቆው ሰውዬ ቤት ሄድን። ቢራ 30 ብር፤ ለአዝማሪው ግንባር የሚለጠፈው ሌላ ነው። ጭቅጭቁ ገና ሳንቀመጥ ተጀመረ። ባላምባራሱን የሚጫወተው ልጅ «ድርሰት ድርሰት ነው፣ ሰው ከወንበሩ እየተነሣ የሚጽፈው ከሆነ እኛ ምን ልንሠራ ወጣን?» ይላል። ክራር መቺው ይሟገተዋል፦ «ዓርብ ዕለት እኮ ሬሳ ፊት ነው የተጫወትነው።» ገረዲቱን የምትጫወተው ልጅ ምንም አላለችም፤ ጥብስ ከቆጭቆጫ ጋር አዛ ለብቻዋ ትበላለች።

አዘጋጁ ነው የፓሪሱን ታሪክ ያወራልን። ይህቺው ሥራ በ1746 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ታይታ ብዙም ሰው አላስተዋላትም። በ1752 አንድ የጣሊያን ቡድን እንደገና አምጥቶ በትልቁ ኦፔራ ቤት ሲያሳያት ግን ከተማው ለሁለት ተከፈለ። የፈረንሳይን ኦፔራ የሚደግፉት በንጉሡ መቀመጫ በኩል፣ የጣሊያኑን የሚደግፉት በንግሥቲቱ በኩል ተሰብስበው ይበሻሸቁ፣ በጽሑፍ ይሰዳደቡ ጀመር። ፈላስፋው ሩሶ ሳይቀር ከጣሊያኖቹ ወገን ገባ። ጠቡ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። ፔርጎሌዚ ይህን አላየም፤ በ1736 በ26 ዓመቱ ሞቷል።

«ስለዚህ ሥራው አልተለወጠም፣ ቤቱ ነው የተለወጠው» አለ አዘጋጁ። እኔ ግማሹን ነው የተቀበልኩት። የዓርቡ ሰው የማድመጥ ጸጋ ነበረው፣ መሳቅ ፈራ። የቅዳሜው ሰው ሳቁን አመጣ፣ ጆሮውን ግን ደጅ ትቶት ገባ። እኔ ብሆን «ተቀበይ»ን በመጀመሪያው ክፍል ፈቅጄ፣ ለሁለተኛው የማሲንቆውን ሰውዬ ራሱን መድረክ ላይ አወጣው ነበር፤ ትዝታውን እሱ ሲያጅበው ማን ደፍሮ ያቋርጠዋል? ይህን ስናገር አዝማሪው ከወዲያ ሰምቶኝ ኖሮ፣ ስለ አዲስ አበባ ሰው ምክርና ስለ ኪሱ መጥበቅ አንድ ግጥም አወረደልኝ። 100 ብር ለጠፍኩ። ግጥሙን አልጽፈውም።

እሁድ፣ ኅዳር 9 — መነሻ

ጠዋት እትዬ ቡናውን ራሷ አፈላች። ሠራተኛዋ ልጅ በዓይኗ ጥያቄ ይዛ ቁጭ ብላለች። ማታ አዳራሹ ሲስቅ እሷን አይቻት ነበር፤ በደጅ ጥናቱ አልሳቀችም፣ በሻምበሉም አልሳቀችም። የሳቀችው መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው፣ ጌታው «ቡናው የታል?» ብሎ ሲጮህና ገረዲቱ ከጓዳ ሆና እያንጎራጎረች ስትቀር።

«ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ አገባት አይደል?» አለችኝ።

«አገባት።»

«ደሞዟን ከፈላት?»

እትዬ ስኒውን አስቀመጠች። «አንቺ! ሚስቱ ከሆነች በኋላ ምን ደሞዝ አለ?»

«ያለፈውስ?»

እትዬ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ ልጅቷን አየቻት፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን ቡና መቅዳት ጀመረች። ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ ከቤቱ ስወጣ ግን ሁለቱ ጓዳ ገብተው በዝቅተኛ ድምፅ ያወሩ ነበር።

ሚኒባሱ አዘዞ ላይ ሰው እስኪሞላ ሲያስጠብቀን ለአዘጋጁ ደወልኩለት። በሚቀጥለው ወር ባሕር ዳር ሊወስዱት እያሰቡ ነው። የልጅቷን ጥያቄ ስነግረው ትንሽ ዝም ብሎ ሳቀና፣ «ይሄንንስ ለየትኛው ቅኝት ልስጠው?» አለኝ። ባቲ ሞክር አልኩት። ረዳቱ በዚህ መሐል ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ለማውጣት 20 ብር ጠየቀኝ፤ 10 ላይ ተስማማን።